ሰልጥነው ሥራ ያልጀመሩት «በአመለካከት ችግር» ነው ተባለ!

የማራኪዋ፦ እዚህ ጎንደር ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ ምን እንዳሉ ሰማችሁ? የሴፍቲኔት እናቶች፣ ማለትም በከተማው የድሆች ድጋፍ ፕሮግራም ታቅፈው እየሠሩ የሚከፈላቸው፣ ሰልጥነው ሥራ የማይጀምሩት «በአመለካከት ችግር» ነው አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጎዳና ስትጠርግ፣ ቦይ ስታጸዳ፣ ከምታገኘው ላይ 20 በመቶ ስትቆጥብ የኖረች ሴት ናት አመለካከት የጎደላት?

የአዘዞ ልጅ፦ አታጋንኚ። ሰውየው ያሉት ፈርመው፣ የሥራ መጀመሪያ ብሩን ተቀብለው ለበሉት ነው።

የማራኪዋ፦ «ለበሉት»! ልጆቿን አብልታ ይሆናላ። እስቲ ቅዳሜ ገበያ ውረድና የጤፍ ዋጋ ጠይቅ።

አሰልጣኟ፦ እዚያው ስልጠናው ላይ ስለምሠራ ልናገር። አዳራሹ ተፈቅዷል ተብለን ስንሄድ ስብሰባ ይዞታል፤ ደጅ ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። ግማሾቹ ሕፃን አዝለው ነው የሚመጡት። ፊደል ያልቆጠሩም አሉ፤ የሚሰጠን ሞጁል ግን «የንግድ ዕቅድ ቅጹን ሙሉ» ይላል። እኔ ወጪና ገቢ የማስቆጥራቸው በባቄላ ነው። ከስልጠናው በኋላ ደግሞ ቤት ለቤት ተከታተይ እባላለሁ፤ የባጃጁ ከኪሴ። አንዷ እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ አለች። ቆጣሪው የአከራይዋ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ በቤቴ አይሰካም ብለዋታል። እኔ ምን ልበላት?

ጋሼ ዞብል፦ ልጄ፣ ድካምሽን እግዜር ይቁጠርልሽ። ግን እናንተም አላችሁበት። የሰፈሩን ሴት ሁሉ ዶሮ አርቡ አላችሁ፤ ፈንግል ገብቶ ጨረሰው። ክትባት ያሰበ አልነበረም።

አሰልጣኟ፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ግን ዶሮውን የመረጥነው እኛ አይደለንም። የሥራው ዓይነት ተሞልቶ ነው የሚመጣልን።

የአዘዞ ልጅ፦ ይኸው! «እኛ አይደለንም»። ኃላፊው ሲናገሩ ትቆጣላችሁ፣ አሰልጣኝ ሲጠየቅ ከላይ ነው ትላላችሁ። አመለካከት ማለት ይሄ ነው።

የማራኪዋ፦ የባጃጅ ከኪሷ የምትከፍል ሴት ላይ ወረድክ? ጀግና!

ወሎየው፦ ደሴ ሴፍቲኔትን በ2009 ስትጀምር ጎንደር ገና አልገባችም ነበር። መጥታችሁ ብትጠይቁን ምን ነበረበት?

ጋሼ ዞብል፦ ደሴን ምን አመጣው ደግሞ? የእናንተ ዶሮ ፈንግል አያውቀውም?

ወሎየው፦ ያውቀዋል ጋሼ፣ ግን እኛ ዶሮ ብቻ አላልንም።

የአዘዞ ልጅ፦ «እኛ» ብሎ ነገር! አንተ ደግሞ መቼ ነው ያሰለጠንከው?

አሰልጣኟ፦ ኧረ ጎበዝ፣ የምጣዱን ነገር የሚመልስልኝ የለም? ሴትዮዋ ነገ ትመጣለች።

የአዘዞ ልጅ፦ ኃላፊውን ጠይቂ። እኔ ቆጣሪ አላድልም።