ቡናዬ እየተበሳ ነው፤ ምን ልርጭ?

የማናው አልሚ (ጥያቄ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ማና፤ ከፍታው 1,650 ሜትር ግድም፣ ግማሽ ሄክታር፣ ዝርያው 74110። ሊቀላ የተቃረበው ፍሬ እምብርቱ ላይ ተበስቷል፤ ከቀዳዳው ዱቄት ይወጣል። ሽማግሌዎች «በእኛ ጊዜ ይህ አልነበረም» ይላሉ። ሲቢዲ (የቡና ፍሬ በሽታ) ነው? ምን ይረጫል? ጥላውንስ ላሳሳው?

ሰብል ሐኪም፦ ሲቢዲ አይደለም። ሲቢዲ ፈንገስ ነው፤ አረንጓዴው ፍሬ ላይ ጥቁር ስርጉድ ጠባሳ ያወጣል እንጂ አይበሳም። 74110 የተመረጠውም ሲቢዲን እንዲቋቋም ነው፤ ለዚህኛው አይበጅም። አንዱን ፍሬ በምላጭ ሰንጥቀው ይዩት። ከጤፍ ትንሽ የምትበልጥ ጥቁር ጥንዚዛና ነጫጭ ትሎች ካገኙ ፍሬ ቦርቧሪዋ ናት።

ሽማግሌዎቹ እውነት አላቸው። ከ15 ዲግሪ በታች አትራባም፤ ሙቀቱ 27 ሲደርስ ግን ከእንቁላል እስከ ጥንዚዛ በወር ግድም ትጨርሳለች። የጅማን የአየር መዝገብ ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ድረስ ብርዱ በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ አያስጨርሳትም ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ወይም ሁለት ታደርሳለች ብለው አስልተዋል።

ርጭቱን ይተዉት። ሴቷ ፍሬው ውስጥ ተፈልፍላ፣ እዚያው ከወንድሟ ተዳቅላ ነው የምትወጣው። መድኃኒት የሚያገኛት ከፍሬ ወደ ፍሬ በምትሄድባት አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ድሮ ይረጭ የነበረው ኢንዶሰልፋንም በ2011 እ.ኤ.አ. አደገኛ ኬሚካሎችን በሚያግደው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ከታገዱት ውስጥ ገብቷል።

ቀይ እሸት፦ መፍትሔው ቃርሚያ ነው፤ አሰልቺ ቢሆንም የሚተካው የለም። ለቀማው እንዳለቀ ዛፉ ላይ ደርቆ የቀረውንም መሬት የወደቀውንም አንድ ሳያስቀሩ ይልቀሙ። በጋውን የምታሳልፈው እዚያ ውስጥ ነው፤ ከአንድ ደረቅ ፍሬ በአሥር የሚቆጠሩ ይወጣሉ። የበልጉ ዝናብ ሲያረጥበው ግልብጥ ብለው ስለሚወጡ ጥር ሳያልቅ ይጨርሱ። የተቃረመውን 5 ደቂቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ይንከሩ፣ ወይም ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩ። ብዙ ሰው ቃርሞ ጆንያውን ማሳ ዳር ያቆመዋል፤ ያኔ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፣ ጥንዚዛዋ ተመልሳ ትበራለች።

ጉዳቱን ለማወቅ ከ20 ዛፍ 50 50 ፍሬ ይቁጠሩ። ከ1,000ው ከ50 በላይ ከተበሳ ወጥመድም ይጨምሩበት።

የማናው አልሚ፦ ቆጠርኩ፤ 71 ሆነ። ወጥመዱ እንዴት ይሠራል?

ቀይ እሸት፦ የአንድ ሊትር ተኩል የውሃ ፕላስቲክ ጎኑን በመስኮት መልክ ይቁረጡ። ታችኛው ክፍል ሦስት ጣት ያህል የሳሙና ውሃ ይሁን። ውስጡ፣ ክዳኗ በመርፌ የተበሳ ትንሽ ብልቃጥ ይንጠልጠል፤ በእርሷ ውስጥ ሜታኖልና ኤታኖል እኩል በእኩል። ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ላይ ይስቀሉት፤ ለግማሽ ሄክታር 10 ይበቃል። ከለቀማ ማግሥት እስከ ግንቦት ይቆይ። አዲሱ ፍሬ ውስጡ መጠንከር ከጀመረ በኋላ ጥንዚዛዋ ፍሬውን ትመርጣለች፣ ወጥመዱ ዋጋ የለውም።

የማናው አልሚ፦ ሜታኖል ካጣሁ በአረቄ ብቻ አይሆንም?

ቀይ እሸት፦ ይይዛል፣ ግን ጥቂት ነው፤ የሚስባት የሁለቱ ድብልቅ ነው። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። መልኩም ሽታውም ከአረቄ ስለማይለይ ዕቃው ላይ «መርዝ» ብለው ይጻፉና ቤት ውስጥ እንዳያስቀምጡት።

ሰብል ሐኪም፦ ጥላውን አይንኩ። ፍሬው ዙሪያ ያለውን ሙቀት እስከ 4 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ያቺ ጥንዚዛ የምትፈልገውን ሙቀት የሚነሣት እርሱ ነው።

ዘር ጠባቂ፦ እዚህ ላይ አልስማማም፤ ጥላ ሁሉ አንድ አይደለም። ከተጨፈገገ ቅጠሉ እስከ ረፋድ ሳይደርቅ ይውላል፣ ያኔ የቅጠል ዋግና ሲቢዲ ይገቡልዎታል። ዋንዛውና ብርብራው ይቁም፤ ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ብቻ ከክረምት በፊት ቆርጠው፣ ከፀሐዩ ግማሽ ያህሉ ቡናው ላይ እንዲደርስ ያድርጉ።

ቡናው ካረጀም ጉንደላ (ግንዱን ዝቅ አድርጎ ቆርጦ እንደ አዲስ እንዲያቆጠቁጥ ማድረግ) ያግዛል፤ ከፍ ያለ ዛፍ ጫፉ ላይ ፍሬ ስለሚቀር ቃርሚያ ያስቸግራል። ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ሰያፍ አድርገው ይቁረጡ፤ በዓመት ከዛፎቹ ሲሶውን ብቻ። ከመቁረጥዎ በፊት ግን ፍሬውን አራግፈው ይልቀሙት፤ አለዚያ ጥንዚዛዋ ወደ ቀረው ሁለት እጅ ትዞራለች።

የማናው አልሚ፦ ጎረቤቴ ካልቃረመስ?

ቀይ እሸት፦ ከእርሱ ማሳ ትመጣብዎታለች። አብራችሁ አንድ ሳምንት ውስጥ ቃርሙ፤ እምቢ ካለ ከ10ሩ ወጥመድ አብዛኛውን በእርሱ ድንበር በኩል ይስቀሉ።