ሁለት ቫሪያብሎችን የሚቀያይር ፈንክሽን ጽፌ ቁጥሮቹ አልቀየር አሉኝ

የማታ ተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ሀ እና ለ የሚባሉ ሁለት ቫሪያብሎች (ቁጥር የሚይዙ ስም ያላቸው ቦታዎች) አሉኝ፤ ሀ 5፣ ለ ደግሞ 9 ነው። ሁለት ኢንት (ሙሉ ቁጥር) የሚቀበል «ቀያይር» የሚባል ፈንክሽን (በስሙ ሲጠራ የሚሠራ የትእዛዝ ስብስብ) ጻፍኩ። ውስጡ ይህ ነው (ስሞቹን በአማርኛ አድርጌያቸዋለሁ)፦

ኢንት ጊዜያዊ = ሀ;
ሀ = ለ;
ለ = ጊዜያዊ;

እዚያው ፈንክሽኑ ውስጥ ሳሳትማቸው 9 እና 5 ይላል። ሜይን (ፕሮግራሙ የሚጀምርበት ዋናው ፈንክሽን) ውስጥ ሳሳትማቸው ግን ያው 5 እና 9! የስህተት መልእክትም የለም። ትናንት ማታ እስከ ስድስት ሰዓት አፈጠጥኩበት። ምን አጥፍቼ ነው?

ሰባራ ሴሚኮለን፦
ሦስቱ መስመሮች እንከን የላቸውም፤ ችግሩ አቀባበሉ ላይ ነው። ሲ ለፈንክሽን የሚሰጠው የዋጋውን ቅጂ ነው። የመታወቂያሽን ፎቶ ኮፒ የተቀበለ ሰው ኮፒው ላይ ስምሽን ቢሰርዝ፣ ቦርሳሽ ውስጥ ያለው መታወቂያ ምን ይሆናል? የተቀያየሩት ኮፒዎቹ ናቸው፤ ፈንክሽኑ ሲያበቃ አብረውት ይጠፋሉ።

ስለዚህ አድራሻቸውን (ማህደረ ትውስታ ውስጥ ያሉበትን ቦታ) ስጪው። ተቀባዮቹን ኢንት *ሀ እና ኢንት *ለ (አድራሻ የሚይዙ ፖይንተሮች) አድርጊያቸውና፦

ኢንት ጊዜያዊ = *ሀ;
*ሀ = *ለ;
*ለ = ጊዜያዊ;

ስትጠሪው ቀያይር(&ሀ, &ለ); ብለሽ ነው፤ & ማለት «አድራሻውን» ማለት ነው። ስካንኤፍ (ከኪቦርድ የሚያነበው ፈንክሽን) ቁጥር ሲቀበል & የምታስገቢበትም ምክንያት ይኸው ነው።

አቋራጭ፦
ሦስተኛ ቫሪያብል ምን ያደርጋል? ሀ = ሀ + ለ; ለ = ሀ - ለ; ሀ = ሀ - ለ; አለቀ።

አዛውንቱ ኮምፓይለር፦
ወንድሜ አቋራጭ፣ የተጠየቀው ይህ አይደለም። ያንተም ዘዴ ያለ ፖይንተር ኮፒውን ብቻ ነው የሚቀያይረው። በዚያ ላይ ኢንት 32 ቢት በሆነበት ማሽን ድምሩ ከ2,147,483,647 ካለፈ ሲ ለውጤቱ ዋስትና አይሰጥም። ሁለቱ ፖይንተሮች አንድ ቫሪያብል ላይ ካረፉ ደግሞ ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ ይቀራል። አሬይ (የቁጥሮች ረድፍ) ስደረድር ደርሶብኝ ያን ዜሮ ፍለጋ ሁለት ቀን ባክኛለሁ፤ ለ4 ባይት ቁጠባ!

የማታ ተማሪዋ፦
ሞከርኩት፤ አሁን ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ፖይንተርን ኢንት ውስጥ እያስገባሽ ነው ብሎ ያስጠነቅቀኛል። መስመሩ ኢንት ጊዜያዊ = ሀ; የሚለው ነው።

ሰባራ ሴሚኮለን፦
ኮከቧን ረስተሻታል። ያለ ኮከብ ሀ አድራሻው ነው፤ *ሀ ስትዪ እዚያ የተቀመጠው ቁጥር ነው።

የማታ ተማሪዋ፦
9 እና 5፣ ያውም ሜይን ውስጥ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ በጊዜ እተኛለሁ።