ከቢትልስ መፍረስ በኋላ ማን በለጠ?

ሸክላ ሰብሳቢው፦ ጥያቄው የእንግሊዙ ባንድ ቢትልስ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲፈርስ ከአራቱ አባላት፣ ከጆን ሌነን፣ ከፖል ማካርትኒ፣ ከጆርጅ ሃሪሰንና ከሪንጎ ስታር፣ ማን ለብቻው የተሻለ ሠራ የሚል ነበር፤ ሁላችሁም ጆን ሌነን ብላችሁ አለፋችሁት። እኔ ጆርጅ ሃሪሰን እላለሁ። በባንዱ ውስጥ ብዙውን ጊዜ በአንድ አልበም ከአንድ ወይም ከሁለት ዘፈን በላይ አይደርሰውም ነበር። ባንዱ በፈረሰበት በዚያው ዓመት ባለ ሦስት ሸክላ አልበም ይዞ ወጣ፤ «ኦል ቲንግስ መስት ፓስ»። የአልበሙን መጠሪያ ዘፈን ቢትልሶች በጥር 1969 ተለማምደው ትተውት ነበር። ባንዱ ባይፈርስ ያ ሁሉ ዜማ መሳቢያ ውስጥ ይቀር ነበር!

ቤዝ ተጫዋቹ፦ ጋሼ፣ ሦስተኛውን ሸክላ ግን ዘለሉት። አብዛኛው ጓደኛሞች ስቱዲዮ ገብተው ያለ ዝግጅት የተጫወቱት ነው፤ ሁለት ሸክላ ቢሆን ኖሮ አልከራከርዎትም ነበር። የዚያው አልበም ትልቁ ዘፈን «ማይ ስዊት ሎርድ» ደግሞ ሃሪሰን ሳያውቀው ዜማውን ቺፎንስ ከተባሉት አሜሪካውያን ዘፋኞች ዘፈን ወስዷል ተብሎ በ1976 ኒውዮርክ ላይ ተፈርዶበታል። ፖል ማካርትኒ ዊንግስ የተባለውን ባንድ አቋቁሞ «ባንድ ኦን ዘ ረን» የተሰኘውን አልበም የሠራው እንዴት እንደሆነ አስቡት። በ1973 ለቀረጻ ወደ ሌጎስ ሊበር ሲል ጊታር ተጫዋቹና ከበሮ መቺው ጥለውት ሄዱ። ከባለቤቱ ከሊንዳና ከሌላው የባንዱ አባል ከዴኒ ሌይን ጋር ብቻ ሄደ። እዚያም ዘራፊዎች በስለት አስፈራርተው የዘፈኖቹን የሙከራ ቅጂዎች ወሰዱባቸው። ዜማዎቹን ከአእምሮው አውጥቶ፣ ከበሮውንም ራሱ መትቶ አልበሙን ጨረሰ። ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አሳዩኝ።

የሙዚቃ መምህርቷ፦ ወንድሜ፣ ምስክርህ በራስህ ላይ መሰከረ። ከበሮውንም ቤዙንም የተጫወተው እሱ ከሆነ ዊንግስ ባንድ የሆነው በምኑ ነው? ባንድ ማለት ዜማህን ይዘህ ስትመጣ «ይህ አያስኬድም» የሚልህ ሰው ያለበት ቤት ነው። በዊንግስ ውስጥ ለማካርትኒ እንዲህ የሚለው አልነበረም። ያንን አልበም እወደዋለሁ፤ የምወደው ግን የአንድ ሰው ሥራ አድርጌ ነው።

ቤዝ ተጫዋቹ፦ እህቴ፣ ዴኒ ሌይን እስከ መጨረሻው አብሮት ነበር፤ በ1977 «መል ኦቭ ኪንታየር»ን አብረው ጻፉት። በብሪታንያ ከሁለት ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ የመጀመሪያው ነጠላ ዜማ እሱ ነው።

የሙዚቃ መምህርቷ፦ ሽያጩን አልካድኩም። የጠየቅሁት ሌላ ነው።

ከበሮ መቺው፦ ሪንጎ ስታርን ማንም አላነሳውም፤ ይህ ያሳዝነኛል። በ1970 የሌነን አልበም ላይ ከበሮውን የመታው ሪንጎ ነው። ጋሼ በሚያሞግሱት የሃሪሰን አልበም ላይም አለ። በ1973 የራሱን አልበም ሲያወጣ ሦስቱም ዘፈን ሰጡት፤ አንዳቸው ከሌላው ጋር ሆድና ጀርባ በሆኑበት ጊዜ! የሌነን የ1970 አልበም የሚያስደነግጠው ባዶነቱ ነው፤ ድምፅ፣ ፒያኖ ወይም ጊታር፣ ቤዝና ከበሮ፣ ከዚያ በላይ እምብዛም የለም። ከበሮው ትንሽ ቢበዛ ይበላሽ ነበር። ለብቻው ሠራ የምትሉት ሰው ብቻውን አልነበረም።

ሸክላ ሰብሳቢው፦ ይህንን እቀበላለሁ፤ ለመምህርቷ ጥያቄም መልስ አለኝ። በ1988 ሃሪሰን ለነጠላ ዜማው ሸክላ ጀርባ የሚሆን አንድ ዘፈን ፈልጎ ቦብ ዲላን ቤት ተሰበሰቡ፤ እሱ፣ ዲላን፣ ቶም ፔቲ፣ ጄፍ ሊንና ሮይ ኦርቢሰን፤ ሁሉም በየራሳቸው ስም ያተረፉ ሙዚቀኞች። የተቀዳው ዘፈን ለሸክላ ጀርባ የሚጣል አልሆነም፤ ትራቬሊንግ ዊልቤሪስ የተባለው ባንድ ከዚያ ተወለደ። እያንዳንዳቸው ስማቸውን ትተው የአንድ ቤተሰብ ልጆች ነን ብለው ወጡ፤ ስንኙንም እየተቀባበሉ ዘፈኑ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ኦርቢሰን አረፈ። ቀጥሎ በሠሩት ቪዲዮ የእሱ ድምፅ ተራው ሲደርስ የሚታየው ጊታሩ የተቀመጠበት ተወዛዋዥ ወንበር ነው። የእሱን ተራ ማንም አልዘፈነለትም።