የቢራ ጠርሙስ ወንዱንም ያስጠንቅቅ? ክርክር በቡድናችን

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። አሜሪካ ውስጥ በሚሸጥ መጠጥ ሁሉ ላይ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1988 በወጣ ሕግ መሠረት፣ ማስጠንቀቂያ ይታተማል። እርጉዝ ሴት እንዳትጠጣ፣ ጠጥቶ መንዳት እንደሚያሰጋ፣ መጠጥ ጤና ሊያውክ እንደሚችል ይናገራል። ስለ ወንዱ መውለድ ግን አንድ ቃል የለበትም። እዚያም ሆነ አገር ቤት ይጻፍ ወይስ ይቅር? ስድብ የጻፈ ከቡድኑ ይወጣል።

ሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ይጻፍ! እኔና ባለቤቴ አራት ዓመት ልጅ አጥተን ስንንከራተት የተመረመርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ደሜ ተቀዳ፣ ቱቦሽ ተዘግቶ ይሆናል ተብሎ በቀለም ራጅ ተነሣሁ፣ አገር ቤት ስገባ ደግሞ ጸበል። እሱን «በሳምንት ስንት ትጠጣለህ?» ያለው ሰው የለም። የሱ ምርመራ እኮ ናሙና ሰጥቶ መውጣት ነው! ጠርሙሱም እንደ ዘመድ አዝማዱ የሚያየው ሴቷን ብቻ ነው።

ድራፍት ወዳጅ፦ አይዞሽ እህቴ። ግን እውነቱን እናውራ ካላችሁ አያቴ ካቲካላውን እየጨለጠ 11 ልጅ ወልዷል። ሰፈራችን ውስጥ መውለድ ያቃተው ሰካራም አላውቅም፤ ማሳደግ ያቃተው ነው የሞላው።

ላብራቶሪ ቤት፦ የመጨረሻዋን ወደድኳት። ስፐርም፣ ማለትም የወንድ ዘር ሕዋስ፣ የምቆጥር ባለሙያ ነኝና ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2021 ያወጣው መመሪያ ዝቅተኛውን ልክ በአንድ ሚሊ ሊትር የዘር ፈሳሽ 16 ሚሊዮን ይለዋል። ከዚያ በታች ሆኖ የሚወልድ አለ፣ ከዚያ በላይ ሆኖም የሚያጣ አለ። አያትህ የሚያስረዱልን ነገር የለም። ዴንማርክ ውስጥ ለውትድርና ምርመራ የቀረቡ 1,221 ወጣቶች ተጠንተው ነበር፤ ውጤቱ እንደ ፈረንጆቹ በ2014 ወጣ። በሳምንት 40 ዩኒትና ከዚያ በላይ የጠጡት፣ ከ1 እስከ 5 ከጠጡት ይልቅ የስፐርማቸው ክምችት በ33 በመቶ ያንስ ነበር። አንድ ዩኒት እዚያ 12 ግራም አልኮል ነው፤ የኛን አንድ ጠርሙስ ቢራ ግድም አስቡት። በቀን አምስት፣ ስድስት ጠርሙስ ማለት ነው።

ተጠራጣሪው፦ ጥናቱን ጨርሰህ ንገረና! ልጆቹ የተጠየቁትም የተመረመሩትም በአንድ ቀን ነው። ስፐርሙን የቀነሰው መጠጡ ይሁን አብሮት የሚሄደው አኗኗር በዚህ አይለይም። ደግሞ ከምርመራው በፊት በነበረው ሳምንት ብዙ የጠጡት ቴስቶስቴሮናቸው፣ ማለትም የወንድ ሆርሞናቸው፣ ከፍ ብሎ ነው የተገኘው። በሳምንት ሁለት ቢራ ስለሚቀምስ ሰውማ ጥናቶቹ ራሳቸው አልተስማሙም። ያልተስማሙበትን ነገር ጠርሙስ ላይ አትሞ ሰው ማስፈራራት ምን ይባላል?

ላብራቶሪ ቤት፦ ስለ ሁለት ቢራ እኔም አልማልም። ለዓመታት በየቀኑ የሚጠጣው ላይ ግን ክርክር የለም። አልኮል ከአንጎል ወደ ዘር ፍሬ የሚሄደውን የሆርሞን ትእዛዝ ያዛባል፣ ዘር ፍሬውንም በቀጥታ ይጎዳል። ጉበት ሲበላሽ ደግሞ የሴት ሆርሞን ሚዛኑን ይደፋዋል፤ ዘር ፍሬው ይሟሽሻል፣ ወንዱ ጡት ያወጣል። ይህ የድሮ የሕክምና እውቀት ነው።

ጋሽ ጡረተኛው፦ ልጆች፣ እናንተ የምታወሩት ስለ ፋብሪካ ጠርሙስ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1112 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለም እንዳይሸጥ ከለከለ። ጥሩ ነው። አረቄው ግን በሃይላንድ ነው የሚሸጠው። ከቢራ ስምንት እጥፍ የሚከብደው እሱ፣ ጽሑፉን ማን ይለጥፍበታል? አረቄ የምታወጣው ሴትዮ?

ሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ጋሼ፣ ለአረቄው መላ ስለጠፋ ቢራው ዝም ይበል? እኔ «መካን ትሆናለህ» ይባል አላልኩም። «ልጅ የምትፈልግ ከሆነ ቀንስ፣ ሁለታችሁም ተመርመሩ» ቢል ማን ይጎዳል?

ተጠራጣሪው፦ እንደሱ ከሆነ ግማሽ መንገድ መጥቻለሁ። «ተመርመሩ» የሚለውን እፈርማለሁ። «ቀንስ» የሚለው ግን ስንት እንደሆነ ይነገረው፤ አለዚያ ሁሉም ሰው ብዙ የሚጠጣው ጎረቤቱ ነው ይላል።

ጋሽ ጡረተኛው፦ ይኼስ እውነት ነው።

ድራፍት ወዳጅ፦ አንድ ጥያቄ፤ ለራሴ አይደለም። ሰውየው ቢያቆም ይመለስለታል?

ላብራቶሪ ቤት፦ ለራስህ እንዳልሆነ ገብቶኛል። አንድ ስፐርም ተሠርቶ እስኪያልቅ 74 ቀን ግድም ይፈጃል፤ መውጫው ድረስ ለመጓዝ ጥቂት ቀን ይጨመርበት። ስለዚህ ሦስት ወር በለው። አቁመው የተሻላቸው ታካሚዎች አሉ፤ የሁሉም ይመለሳል ግን አልልህም።

ድራፍት ወዳጅ፦ በዐቢይ ጾም 55 ቀን አልጠጣም እኮ። 19 ቀን ብቻ ነው የሚቀረኝ!

ላብራቶሪ ቤት፦ የፋሲካ ዕለት የምትጠጣውንስ ቆጠርከው?