መምህር ወደ ክፍል ሲገባ ጋውን የመልበስ ግዴታ ሊኖርበት ይገባል?

የባዮሎጂ መምህር (ጥያቄውን ያቀረበው)፦

በማስተምርበት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሚቀጥለው የትምህርት ዘመን የመምህራን አለባበስ ደንብ ረቂቅ ተዘጋጅቶ በየትምህርት ክፍላችን እንድንወያይበት ተሰጥቶናል። ረቂቁ ማንኛውም መምህር ነጭ ጋውን ሳይለብስ ክፍል እንዳይገባ ይከለክላል፤ ጋውኑንም በራሱ ወጪ እንዲያሰፋ ይላል። ከዚህ በተጨማሪ ሴት መምህራን ሱሪ እንዳይለብሱ፣ ቀሚሳቸው ከጉልበት በታች እንዲወርድና ጥፍራቸውን ቀለም እንዳይቀቡ የሚዘረዝር አንቀጽ አለው። ስለ ወንዶች ግን «ንጹሕና ሥርዓት ያለው ልብስ» ከማለት በቀር የጻፈው የለም። እኔ ጋውን ወድጄ የምለብስ ሰው ነኝ፤ ይሁን እንጂ መምህሩ ልብሱን የሚመርጠው ለየትኛው ሥራ፣ በማን ወጪና በማን ውሳኔ መሆን እንዳለበት ሳንስማማ ደንቡን ማጽደቅ ተገቢ አይመስለኝም። ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ እንድታካፍሉን እጠይቃለሁ።

የሒሳብ መምህር፣ ደሴ፦

ግዴታ መሆኑን እደግፋለሁ። የሒሳብ መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳውን ደጋግሞ ይሞላል፣ ደጋግሞም ያጠፋል፤ ዳስተሩን ባነሣ ቁጥር የጠመኔው ብናኝ ከእጅጌው እስከ ጉልበቱ ይወርድበታል። ጠመኔ በአብዛኛው ከጂፕሰም ወይም ከካልሲየም ካርቦኔት ስለሚሠራ ብናኙ መርዝ አይደለም፤ ቢሆንም ጉሮሮ ይከረክራል፣ አስም ያለበትን ያስቸግራል፣ ጥቁር ኮትንም በአንድ ቀን ያበላሻል። ጋውን ለሳንባችን ባይሆንም ለልብሳችን ይደርስልናል።

ለእኔ ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ከመምህር ደመወዝ የቤት ኪራይና አስቤዛ ተከፍሎ ለልብስ የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙዎቻችን የምንለብሰውን የምንገዛው ከሳልቫጅ ተራ ነው፤ ይህም የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሁለት ሸሚዝ ብቻ ያለው መምህርና ቁም ሣጥን ሙሉ ልብስ ያለው መምህር ጋውን ለብሰው ሲቆሙ ግን በተማሪው ዓይን እኩል ይሆናሉ። ተማሪዎችን ዩኒፎርም የምናስለብሰው የድኻው ልጅ በጓደኞቹ ፊት እንዳይሸማቀቅ ከሆነ፣ ያው ምክንያት ለመምህሩ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

የእንግሊዝኛ መምህርት፣ አዲስ አበባ፦

ጋሼ፣ ስለ ደመወዛችን የተናገሩት እውነት ነው፤ ዩኒፎርሙን በምሳሌነት ማንሣትዎ ግን እኔ የምለውን ይደግፋል። በ2012 ዓ.ም. የከተማችን አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነጻ ማደል ሲጀምር ወላጆች እፎይ ያሉት ግዴታው ስለቀረላቸው ሳይሆን ወጪው ስለተነሣላቸው ነው። ረቂቁ ለመምህሩ ያመጣው ግዴታውንና ወጪውን አንድ ላይ ነው። ነጭ ልብስ ደግሞ አንድ ብቻ አይበቃም፤ አንዱ ሲታጠብ የሚለበስ ሌላ ያስፈልጋል፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር መምህር ነጭ ጋውን ሳምንቱን ሙሉ ነጭ አድርጎ ለማቆየት ምን ያህል እንደሚለፋ ደንቡን ያረቀቁት ሰዎች አስበውበት ቢሆን እወድ ነበር።

ስለ ሴት መምህራን የተጻፈው ክፍል ግን ከወጪም በላይ አሳዝኖኛል። ጠዋት ልብስ ስመርጥ የማስበው ከሰሌዳው ጫፍ ላይ ስጽፍ ሸሚዜ ወደ ላይ እንዳይሳብ፣ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል በዴስኮች መካከል አልፌ ጎንበስ ብዬ ደብተር ሳርም እንዳልሳቀቅ፣ ጫማዬም ስድስት ክፍለ ጊዜ እንዲያቆመኝ ነው። ሰፋ ያለ ሱሪና ረዘም ያለ ሸሚዝ ይህን ሁሉ ያሟላሉ። የመጀመሪያ ክፍል ሕፃናትን ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ የምታስተምር እኅቴ ቀሚስ ብቻ ልበሺ ብትባል ሥራዋን በአግባቡ ልትሠራ አትችልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ለወንዱ አንድ ሐረግ፣ ለሴቷ ግን ከቀሚስ እስከ ጥፍር የሚዘልቅ ዝርዝር የሚጽፍ ደንብ ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚስማማ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ርዕሰ መምህር፣ ባሕር ዳር፦

እንዲህ ያሉ ረቂቆች የሚዘጋጁት መምህሩን ለማስጨነቅ አይደለም። ጥቂቶች ቢሆኑም የተቀደደ ጂንስ ለብሰው፣ የእግር ኳስ ክለብ ማልያ አድርገው ወይም የፖለቲካ መፈክር የተጻፈበት ቲሸርት ይዘው ክፍል የሚገቡ አሉ፤ ወላጅ አቤት የሚለው ለእኛ ነው። በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማያንስን ባልደረባ ለብቻ ጠርቶ «ልብስዎ አይመጥንም» ማለት ለሁለታችንም ከባድ ነው፤ የተጻፈ ደንብ ሲኖር ነገሩ ከግል ቅሬታ ይወጣል። በሌላ በኩል ትምህርት ቤታችን ከድጎማና ከውስጥ ገቢ የሚያገኘው ገንዘብ ለጠመኔ፣ ለወረቀትና ለዴስክ ጥገና እንኳን በቅጡ አይበቃም። ስለዚህ ጋውን እናቀርባለን ብዬ ቃል ብገባ እዋሻለሁ። የሱሪውን ክልከላ በተመለከተ መምህርቷ ትክክል ናቸው፤ እንዲህ ያለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ከአንድ ስብሰባ ይመጣና ማንም ሳይመረምረው ደንብ ውስጥ ይገባል።

የኬሚስትሪ መምህር፣ ሀዋሳ፦

ሁሉንም በአንድ ጋውን መሸፈኑ ቤተ ሙከራን ያስረሳል ብዬ እሰጋለሁ። በእኛ ክፍል ጋውን መከላከያ ነው፤ እጅጌው እስከ አንጓ ወርዶ ቁልፉ ሁሉ ተቆልፎ ካልተለበሰ ጥቅም የለውም። ሰፊዎች ለመምህራን ጋውን የሚጠቀሙበት ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ቴትሮን ነው፤ ቶሎ ይደርቃል፣ መተኮስም አያስቸግርም፤ ነገር ግን ሰው ሠራሽ ክር ስላለበት እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። በቡንሰን ምድጃ (በቤተ ሙከራው የጋዝ ማንደጃ) አጠገብ ለሚቆም ሰው የሚሻለው ጥጥ ነው። አሲድ ሊነካው የሚችለውን ጋውን ለብሶ ከቤተ ሙከራ ወደ ክፍል፣ ከዚያም ወደ መምህራን ክበብ ሻይ ለመጠጣት መሄድም ተገቢ አይደለም። የሚያስገድድ ደንብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ የዚህንም ወጪ መንግሥት ሊሸፍን ይገባል፤ የሥራ ደኅንነት ጉዳይ ነውና።

የጂኦግራፊ መምህር፣ ጋምቤላ፦

እኔ የምጨምረው አጭር ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ በሚጠጋበት፣ የክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ በሆነበት አካባቢ በሸሚዝ ላይ ቴትሮን ደርቦ ከሰዓት በኋላ ማስተማር ያደክማል፤ መምህሩም ከትምህርቱ ይልቅ ስለ ላቡ ያስባል። ለደብረ ብርሃን ብርድ የሚስማማ ደንብ ለእኛ አይሆንም።

አንድ ወላጅ፣ ጎንደር፦

ልብስ የትምህርቱን ገለልተኛነት እንዳይነካ እፈልጋለሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። የፖለቲካ መፈክር ያለበት ልብስ ሊከለከል ይገባል። የመምህርቷን ነጠላ ወይም ሒጃብ፣ የመምህሩን የአንገት ማተብ ግን ከዚህ ጋር ማምታታት የለብንም፤ አንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ያረጋገጠው ለመምህርም ጭምር ነው፤ ልጄንም የሚቀርጸው መምህሯ የምትናገረው እንጂ የምትከናነበው አይደለም።

የባዮሎጂ መምህር፦

ከተነገረው ተነሥቼ ለትምህርት ክፍላችን የማቀርበው ማሻሻያ ይህ ነው፦ በቤተ ሙከራ የጥጥ ጋውን ግዴታ ይሁን፣ ትምህርት ቤቱም ያቅርብ፤ በሌሎች ክፍሎች ጋውን የመምህሩ ምርጫ ይሁን፤ ለወንድም ለሴትም የሚሠራ አንድ አንቀጽ ይጻፍ፤ እርሱም ልብሱ ንጹሕ እንዲሆን፣ ለማስተማር እንቅስቃሴ እንዲመችና የፖለቲካ ወይም የንግድ መልእክት እንዳይኖርበት ብቻ ይጠይቅ።

የሒሳብ መምህር፦

የሴቶቹ ዝርዝር መውጣቱንና የቤተ ሙከራውን ነጥብ እቀበላለሁ። ጋውኑ በምርጫ ይሁን የሚለውን ግን አልቀበልም፤ በምርጫ ሲሆን ጋውን የሚለብሰው ሌላ ልብስ የሌለው መምህር ብቻ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጋውኑ ራሱ የድኽነት ምልክት ይሆንበታል። ወጪው ከሆነ ችግሩ፣ የመምህራን ማኅበር በየወረዳው ጥያቄውን በጀት ከመጽደቁ በፊት ያቅርብ። ርዕሰ መምህሩ ገንዘብ የለንም ያሉት ስለ ትምህርት ቤታቸው ነው፤ የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት እስካሁን የጠየቀ ሰው ካለ ምን እንደተመለሰለት ይንገረን።