ለጀማሪ ዒላማ ተኳሽ የመጀመሪያ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ (ከሞጣ)

ጤና ይስጥልኝ የአገሬ ልጆች። ዲቪ ደርሶኝ ቪዛዬን ይዣለሁ፤ የምሄደው ዳላስ፣ ቴክሳስ ነው። እዚያ ያለው አጎቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ ይውላል፣ እኔም ከእሱ ጋር ልጀምር አስቤያለሁ። ወረቀት ዒላማ ላይ መተኮስ ብቻ ነው የምፈልገው፤ ለአደንም ለጥበቃም አይደለም። አንዱ «ሩገር 10/22 ግዛ» ይለኛል፣ ሌላው «ኤአር 15 (የወታደሩን ኤም 16 የሚመስለውን) ገዝተህ ተገላገል» ይለኛል። ቁመቴ አጠር ያለ ነው፣ ግራኝም ነኝ። ስለ ጥይቱ፣ ስለ ማነጣጠሪያ መነጽሩ፣ ስለ ሕጉ የምታውቁትን ብትነግሩኝ። ለዓመት በዓል ስመጣስ ይዤው መግባት ይቻላል?

መልስ 1 (ከደብረ ማርቆስ)

ወንድሜ፣ በ.22 ሎንግ ራይፍል ጀምር፤ ሩገር 10/22 የሚተኩሰው ትንሹ ጥይት ነው። እኛ አገር ከፊል አውቶማቲክ ሲባል ቶሎ የሚታወቀው ሲሞኖፍ ነው፤ 10 ጥይት ይጎርሳል፣ አንዴ ካቀባበልከው ምላጩን በሳብክ ቁጥር አንድ ይተኩሳል። .22ቱም አሠራሩ እንዲሁ ነው፣ ጉልበቱ ግን ሌላ ነው። የሲሞኖፍ እርሳስ 8 ግራም ገደማ ሆኖ በሰከንድ 735 ሜትር ያህል ይወጣል። የ.22 እርሳስ 2.6 ግራም ነው፣ ፈጣን የሚባለው እንኳ ከ375 ሜትር ብዙም አያልፍ። ስለዚህ ትከሻ አይመታም፣ ድምፁም ይቀላል።

ይህ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። ጀማሪን የሚያበላሸው ድንጋጤ ነውና። ጠመንጃው ሊመታኝ ነው ብሎ የሚጠብቅ ሰው፣ ምላጩን በሚስብበት ቅጽበት ዐይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ወደፊት ይገፋል፤ አፈሙዙም ወደ ታች ይደፋል። ይህ አመል አንዴ ከገባ ለማስለቀቅ ወራት ይፈጃል። እንዳለብህ ለማወቅ አጎትህ ካዝናውን አንተ ሳታይ ይሙላልህ፤ ከአምስት እውነተኛ ጥይት መሀል ሁለት የማይተኩሱ መለማመጃ ጥይቶች ይቀላቅል። መለማመጃው ላይ ስትደርስ አፈሙዙ ከተንቀሳቀሰ ችግሩ አንተ ጋ ነው፣ ጠመንጃው ጋ አይደለም።

ዋጋውንም አስብ። የኤአር 15 ጥይት (.223) ከ.22ቱ አምስት እጥፍ ያህል ይወደዳል። በአንድ ቅዳሜ 150 ጥይት ካልተኮስክ እጅ አይፈታም። ኤአሩ በኋላ ይደረስበታል።

መልስ 2 (ከባሕር ዳር)

የጋሼ ምክር ልክ ነው። ስለ ሞዴሎቹ እኔ ልጨምር።

ሩገር 10/22 ከ1964 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚሠራ ነው። መለዋወጫው በየሱቁ ይገኛል፣ 10 ጥይት የሚይዘው ክብ ካዝናው እምብዛም አያስቸግርም። ክብደቱ 2.3 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ዕወቅ፦ የተለመደው 10/22 ጥይቱ ሲያልቅ ተከፍቶ አይቆምም፣ ተዘግቶ ይቀራል። «አልቋል» ብለህ በግምት አትመን። ካዝናውን አውጣ፣ ማቀባበያውን ወደኋላ ሳብና አቁመው፣ በዐይንህ እይ፣ በጣትህም ዳስስ።

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 15-22 ኤአር የሚመስል .22 ነው፤ ይህኛው ሲያልቅ ተከፍቶ ይቆማል፣ ሰደፉም ይረዝማል ያጥራል። ኋላ ኤአር 15 መግዛትህ ካልቀረ እጅህን ያለማምድልሃል። ማርሊን 60 ያገለገለ በርካሽ ይገኛል፣ ለአንተ ግን አልመርጠውም። ጥይቱ የሚገባው ከበርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ነው፤ ስታጎርስ እጅህ አፈሙዝ አጠገብ ይውላል፣ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥም ከካዝና ይከብዳል። ሳቬጅ 64 ከሁሉም ይረክሳል፣ ለግራኝ ተብሎ የተሠራም አለው።

ግራኝነትህን በእጅህ ብቻ አትፍረድ፤ ዐይንህን ፈትን። ሁለቱን እጆችህን ዘርግተህ በመዳፎችህ መሀል ትንሽ ቀዳዳ ሥራ፣ በሁለቱም ዐይኖችህ ሩቅ ያለ ነገር በቀዳዳው ውስጥ እይ፣ ከዚያ አንዱን ዐይን ጨፍን። ነገሩ ከቀዳዳው ካልጠፋ፣ ክፍት የቀረው የበላይ ዐይንህ ነው። በዚያ ዐይን በኩል ተኩስ። 10/22 ቀለሁን የሚጥለው በቀኝ ስለሆነ በግራ ትከሻ ስትተኩስ በፊትህ በኩል ያልፋል፤ መከላከያ መነጽር ካደረግህ አይጎዳህም።

ለቁመትህ ደግሞ ሰደፉን ክርንህ እጥፋት ላይ ደግፈው፤ አመልካች ጣትህ የመጀመሪያ አንጓ ሳትንጠራራ ምላጩ ላይ ከደረሰ ልክህ ነው። ካልደረሰ አጭር ሰደፍ ያለው «ኮምፓክት» የሚባለው አለ። ረጅም ሰደፍ አንገት ያስመዝዛል፣ ጉንጭህም በየተኩሱ ሌላ ቦታ ላይ ያርፋል።

መልስ 3 (የደጀን ልጅ፣ ከዳላስ)

የአገሬ ልጅ እንኳን ደስ ያለህ። ወረቀቱን ልንገርህ። በዲቪ ስትገባ ቋሚ ነዋሪ ስለምትሆን ከፈቃድ ካለው ሻጭ መግዛት ትችላለህ። ለረጅም ጠመንጃ የፌዴራሉ ዕድሜ 18 ነው። የቴክሳስ አድራሻህ ያለበት መታወቂያና የግሪን ካርድ ቁጥርህ ያስፈልጋሉ። ሱቁ ውስጥ 4473 የሚባል ቅጽ ትሞላለህ፣ ማንነትህ ይጣራል፤ መልሱ የሚዘገይበት ጊዜ አለ። በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ዘመድ ግን በአንተ አይመዘን፤ ለእነሱ በመሠረቱ ክልክል ነው፣ የተፈቀደውም ለምሳሌ የአደን ፈቃድ ላለው ነው።

«ለእኔ ግዛልኝ፣ ብሩን ልስጥህ» ቢልህ የሚወደው ወንድምህ ቢሆን እንኳ እንቢ በል። ቅጹ ላይ የራሴ ነው ብለህ ፈርመህ ለሌላ መግዛት ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ መኖሪያ ፈቃድህንም ሊያሳጣህ ይችላል። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ቆልፍ፤ በቴክሳስ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ የጎረሰ ጠመንጃ እንዲያገኝ አድርጎ ማስቀመጥ ያስከስሳል። ጠመንጃው በአንድ ቁልፍ፣ ጥይቱ በሌላ።

ሜዳው ላይ የምትሰማቸውን ቃላት ቀድመህ ያዝ። «ሬንጅ ኢዝ ሆት» መተኮስ ይቻላል ነው። «ሬንጅ ኢዝ ኮልድ» ሲባል ጠመንጃ መንካት የለም። «ሲዝ ፋየር» ከማንም አፍ ቢወጣ ወዲያው ጣትህን ከምላጩ አንሣ፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞርክ ቁም። በየመሀሉ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን እንዲያሳይ ጥይት መግቢያው ላይ የሚሰካ ብርቱካናማ ፕላስቲክ አለ፤ ግዛው፣ ሳንቲም ነው።

ጥያቄ (ከሞጣ)

እግዜር ይስጥልኝ። 10/22 ወስኛለሁ። መነጽሩን አብሬ ልግዛ ወይስ ይቆይ? ጥይትስ የትኛውን?

መልስ 4 (ከዳንግላ)

ብዙ ሰው መነጽሩ ይቆይ ይላል። በክፍት ማነጣጠሪያ መጀመር ጥሩ ትምህርት ነው፣ አልክድም፤ ግን ጀማሪ የት እንደመታ ካላየ ምን እንደተሳሳተ አያውቅም። መጀመሪያ 300 ጥይት ያህል በክፍቱ ተኩስ፣ ከዚያ መነጽሩን ጫን።

ስትገዛ «ሪምፋየር» (ለ.22 ዓይነት ጥይት የተሠራ) የሚል ምረጥ። የዚህ ዓይነቱ መነጽር ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካው ለ50 ያርድ የተስተካከለ ነው፤ ለትልቅ ጠመንጃ የተሠራው በ100 ያርድ ስለሚስተካከል ቅርብ ዒላማ ላይ ዐይንህ ትንሽ ሲንሸራተት ነጥቡም ይንሸራተታል። ከ2 እስከ 7 የሚያጎላ ይበቃሃል። መጀመሪያ በ25 ሜትር አስተካክል፣ ከዚያ በ50። ብዙዎቹ ማስተካከያውን ስታዞር በአንድ «ቀጭ» ሩብ ደቂቃ (የሰዓት ሳይሆን የማዕዘን መለኪያ) ይሄዳሉ፤ በ50 ሜትር 3.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 4 ሳንቲሜትር ወደ ግራ ከሄደብህ 11 ቀጭ ወደ ቀኝ። በአንድ ጥይት ተነሥተህ አታስተካክል፣ አምስት ተኩሰህ መሀላቸውን ለካ። በ50 የተስተካከለ ጠመንጃ በ100 ሜትር 15 ሳንቲሜትር ያህል ይወድቃል፤ ተበላሸ ብለህ እንዳትጨነቅ።

ጥይት፦ 40 ግሬን (2.6 ግራም)፣ መዳብ የተቀባ፣ «ሃይ ቬሎሲቲ» የሚል። ከድምፅ የዘገየው አንዳንዴ ማቀባበያውን ጨርሶ ወደኋላ መግፋት ያቅተዋል። ሦስት ዓይነት 50 50 ግዛና በየዓይነቱ አምስት አምስት እየተኮስክ አወዳድር፤ አንዱ በርሜል የሚወደውን ሌላው አይወድም። ዋጋው ዝቅተኛውን የጅምላ ጥይት ለፈተና አታድርገው።

መልስ 5 (ከደብረ ማርቆስ)

ሲበላሽ ምን እንደሆነ ደግሞ ልንገርህ። ቀለሁ ወጥቶ በማቀባበያው መሀል ቆሞ ከተያዘ፣ ወይ ጥይቱ ደካማ ነው ወይ ቆሻሻ ተከማችቷል። ምላጩን ስበህ ካልተኮሰ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞርክ 30 ሰከንድ ቆይ፣ ከዚያ አውጣ። የ.22 እሳት ቀስቃሽ በቀለሁ ጠርዝ ዙሪያ ስለሚቀባ፣ መምቻው የመታበት ቦታ ላይ ካልደረሰ አይነድም። የወደቀውን ጥይት እይ፤ የመምቻው ምልክት ቀጭንና ጥልቀት የሌለው ከሆነ ጥፋቱ የጠመንጃው ነው፣ መጽዳት ይፈልጋል።

ከሁሉም የከፋው «ፑፍ» ብሎ ደካማ ድምፅ ሲያሰማ ነው። እዚያው አቁም! እርሳሱ በርሜል ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ በላዩ ሌላ ብትተኩስ በርሜሉ ይቀደዳል። ባዶ አድርገህ፣ ከፍተህ፣ በርሜሉ ውስጥ የቀረ ነገር አለመኖሩን በብርሃን አረጋግጥ።

ጽዳት በየ300 እስከ 500 ጥይት። የ10/22 አካል ከኋላ ዝግ ስለሆነ ረጅም ዘንግ በአፈሙዙ ከማስገባት፣ ከጥይት መግቢያው ወደ አፈሙዙ የሚጎተት ገመድ ይሻላል፤ ዘንግ የአፈሙዙን ጠርዝ ሲፍቅ ዒላማ ይበላሻል። ከእንጨቱ ለማውጣት ስትፈልግ ባዶነቱን አረጋግጠህ ሴፍቲውን በመሀል አድርገው፣ አለበለዚያ አይወጣም። ዘይት ጠብታ ብቻ፤ ካዝናው ውስጥ ጨርሶ አይግባ፣ ባሩድና አቧራ ይለቀልቃል። ስትጨርስ ሳትበላ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ እርሳስ መርዝ ነው። ጆሮ መከላከያም ለ.22 አያስፈልግም የሚል ካለ አትስማው።

መልስ 6 (ከባሕር ዳር)

ይዞ መምጣቱን ተወው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለፈቃድ ጦር መሣሪያ ማስገባትን ይከለክላል፤ ከአሜሪካም ለማውጣት የራሱ ደንብ አለው። ሻንጣህ ውስጥ አንድ ጥይት እንኳ እንዳይቀር የተኩስ ቦርሳህን ለጉዞ አትጠቀም።

ዳላስ ያሉት የእኛው ልጆች ሠርግ ላይ «እንደ አገራችን አንድ ሁለት ወደ ሰማይ» ቢሉህም እሺ እንዳትል። የ.22 እርሳስ እስከ 2.4 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል፤ በቴክሳስ ሕዝቧ 100 ሺህና ከዚያ በላይ በሆነ ከተማ ውስጥ በግድየለሽነት መተኮስ ያስቀጣል።

ለትምህርት ደግሞ ፕሮጀክት አፕልሲድ የሚባል አለ፤ በሁለት ቀን፣ በ25 ሜትር፣ በ.22 ጠመንጃ ተኝቶ፣ ተቀምጦና ቆሞ መተኮስ ያስተምራል። ቢያንስ ሁለት ካዝና፣ የትከሻ ማንገቻና የምትተኛበት ምንጣፍ ይዘህ ሂድ። ማንገቻው ክንድ ላይ ተጠምጥሞ ጠመንጃውን የሚያጸና ስለሆነ ሰፊ፣ ርዝመቱ የሚስተካከል ይሁን።