ለሌሊት ጊታር ልምምድ የትኛው ሄድፎን ይሻለኛል?

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ ምከሩኝ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ኤሌክትሪክ ጊታሬን የማነሳው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው። ባለፈው ሳምንት አምባሰል እየተለማመድኩ፣ ከታች ያሉት እማማ ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደቡት። እውነታቸውን ነው።

አምፔ (የጊታሬ ድምፅ ማጉያ) ትልቁ የ6.35 ሚሊሜትር የሄድፎን ቀዳዳ አለው። መጀመሪያ ብሉቱዝ ሞከርኩ። ክሩን ስመታ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል፤ ሪትም መያዝ አቃተኝ። ከዚያ የስልኬን ባለ ገመድ ኢርፎን በአዳፕተር ሰካሁ። ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን ኢፌክት) ስከፍት ጆሮዬን ንብ ቀፎ ውስጥ የከተትኩ ይመስለኛል፤ ወፍራሞቹ ክሮች ጭራሽ አይሰሙም።

አሁን ሁለት ሄድፎኖች ላይ ቆሜያለሁ። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም40ኤክስ 35 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ነው። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ግን ባለ 80ም ባለ 250 ኦምም አለው። 250ውን ትንሽ አምፕ ይችለዋል ወይስ ድምፁ ይደክማል? ጀርባው ክፍት የሆነውን ትቼዋለሁ፤ ድምፅ ያስወጣል፣ ባለቤቴ ደግሞ አጠገቤ ነው የምትተኛው።

የተጠቀማችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ። መነፅር አደርጋለሁ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጫን ጆሮ አያምም?